ጭስ እንዳያልበው አርባ ዓመት ስጠብቅ

ይህን የምጽፈው ሰብለ ይጻፉ ስላለችኝ ነው። ሰብለ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መሐንዲስ ናት፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ። «ተማሪዎቼ መጽሐፉን ያውቁታል፣ ቦይለር ግን ነክተው አያውቁም። እርስዎ ደግሞ ተቃራኒው ነዎት» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልለየሁትም፤ ብቻ ደብተር ገዛሁ። ተማሪዎቿ ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ በአማርኛ ይሁን ተባለ። መሀል ላይ ትግርኛዬ ካፈተለከ፣ ቧንቧ ሠሪ የሠራው ነገር ትንሽ ማንጠባጠቡ አይቀርም ብላችሁ እለፉት።

ስሜ ሐጎስ ነው። ሰባን አልፌአለሁ። በስንት እንዳለፍኩ ባለቤቴን ጠይቁ፤ እሷ ሁለት ዓመት ጨምራ ነው የምትቆጥርልኝ። ሙያዬ ቦይለር ነው። ቦይለር ማለት እሳት በሆዱ ይዞ ውሃ የሚያፈላ የብረት ጋን ነው፤ አንዳንዱ እንፋሎት ይሰጣል፣ አንዳንዱ ሙቅ ውሃ። እዚሁ መቐለ፣ መጀመሪያ በአንድ ፋብሪካ የጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል፣ ከዚያ በአንድ ሆስፒታል፣ ጡረታ እስክወጣ እሳት ስጠብቅ ኖርኩ። ከጡረታ በኋላ ባለቤቴ ለተብርሃን፣ በአጭሩ ለተ የምንላት፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ሻወር ቤት ከፈተች። እኔም እዚያ ሥራ ተሰጠኝ፤ ሥራዬ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። በቦይለሩ ክፍል በር ላይ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከሐጎስ በስተቀር ማንም ሰው መግባት ይችላል።»

ባለፈው ክረምት ይህ ሻወር ቤት ተዘግቶ ነበር። የጋዝ ቦይለሩ ሆዱ ተሰነጠቀ። ለተ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ያፈሰሰችበት ቤት ነው። ይከፈታል ወይስ እንደተዘጋ ይቀራል የሚለው ነገር ዞሮ ዞሮ በእኔ ሁለት እጆች ላይ ወደቀ። እነዚህን እጆች ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቃቸው ለተ ናት፤ ማስታወቂያውም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኋላ ልመለስ።

በማቅለሚያው ክፍል የቦይለሩ አለቃ አያ ተስፋይ ነበሩ። አስመራ ከጣልያን መካኒኮች ሥር ያደጉ፣ አጭር ሰው፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። በዚያ ሁሉ ጥላሸት መሀል እንዴት እንደማይቆሽሹ ለዓመታት ተመራምሬ አልደረስኩበትም። እኔን ጥላሸቱ ገና በር ላይ ወጥቶ ነበር የሚቀበለኝ።

ቧንቧ በመዳፍ መንካት ከለከሉኝ። «በእጅህ ጀርባ ንካ» አሉ። «መዳፍህ ከተቃጠለ ነገ መፍቻ አትይዝም። ጀርባው ከተቃጠለ ለሚስትህ ታሳያለህ።»

«ሚስት የለኝም፣ አያ።»

«በዚህ አያያዝህ አይገርመኝም።»

ምሳቸውን ሲበሉ ጀርባቸውን ለቦይለሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። የእሳቱ ድምፅ ሲለወጥ ጉርሻው አፋቸው ላይ ይቆማል፤ ሳይዞሩም «አየር አንሶታል» ይላሉ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካዩ በጣታቸው ነክተው ይቀምሱታል። ውሃ ከሆነ ዝም፣ ሌላ ነገር ከሆነ ቱፍ ብለው መሣሪያ ያነሣሉ። እኔም ልቅመስ ብዬ አንድ ቀን የማቅለሚያ ቀለም ቀምሼ ሁለት ቀን ሰማያዊ ምላስ ይዤ ዞርኩ።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን ጠመኔያቸው ነው። በቦይለሩ በር ላይ በአንድ መስመር ምን መደረግ እንዳለበት፣ ከሥሩ ደግሞ በሌላ መስመር ለምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ከነዚያ ጽሑፎች አንዱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ላዩ፦ «ጭሱ አያልበው።» ሥሩ፦ «ናፍታው ድኝ አለበት፤ ቧንቧውም ተራ ብረት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ሲነድ ጭሱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ አይታይም እንጂ። ጭሱ ትኩስ ሆኖ ከወጣ እንፋሎቱን እንደያዘ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ቀዝቃዛ ብረት ካገኘ ግን በብርድ ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ እንደምናየው ጤዛ ብረቱ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ያ ላብ ከናፍታው ድኝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረት ይበላል። እኔ ያን ጊዜ ሁለቱንም መስመር እንደ ግድግዳ ጌጥ ነበር የማያቸው።

ከዚያ ሆስፒታሉ የቦይለር ኃላፊ አድርጎ ወሰደኝ። ኃላፊ ማለት የሚያዘው ሰው የሌለው ኃላፊ፤ ቦይለሩ አንድ፣ እኔ አንድ። አስተዳዳሪው ቁጠባ የሚወድ ሰው ነበር፤ ስብሰባውን ሁሉ በቁጠባ ጀምሮ በቁጠባ ይጨርሳል። እኔም የጭስ ማውጫው ትኩሳት ያንገበግበኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሙቀት ጣሪያው ላይ ላረፉ እርግቦች ነው የሚሄደው። በጭሱ መውጫ ሥር የተጠቀለለ የብረት ቧንቧ ብቀብርስ? ወደ ቦይለሩ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ በዚያ እያለፈ ከጭሱ ሙቀት ይቀበላል፤ ናፍታም ይተርፋል።

ሠራሁት። የጭስ ማውጫው እጅ የሚያስነካ ሆነ፣ የናፍታ መኪናውም መምጫው ራቀ። አስተዳዳሪው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እኔም በመስታወት አስገጥሜ ቦይለሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት፣ እሱም እንዲያነበው። ለአያ ተስፋይ ግን አልነገርኳቸውም። ሰው ምክር ሳይጠይቅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ መልሱን ስለሚያውቀው ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ገብቼ ስከፍተው ከጭስ ማውጫው ሥር ጥቁር ጭቃ ይፈስሳል። ቧንቧዬ እንደ ወንፊት ተበስቷል። ውሃው የምድጃውን ትኩስ ጡብ መትቶት ግማሹ ግድግዳ ተንዷል። የእንፋሎቱ መለኪያ ዜሮ ላይ ነው።

በሆስፒታል እንፋሎት ቆመ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚቀቀለው በእንፋሎት ነው፤ ቀጠሮ ያላቸው ሕሙማን ተመለሱ። ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ የመጡ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ተኝተው አገኙኝ። ጥላሸቴን አይተው የእሳቱ ሰው መሆኔን አወቁ። «ልጄ፣ እሳቱ መቼ ይድናል?» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ ብዙውም ይገባኝ ነበር። እንደዚያች ጥያቄ ግን ያመመኝ የለም።

የልብስ እጥበቱም ቆመ። አጣቢ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ በበርሜል ውሃ እያፈሉ አንሶላውን በእጃቸው ማሸት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ቦይለር ክፍል ገባች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የማይሰበር። ተልጠው የቀሉ ሁለት እጆቿን አፍንጫዬ ሥር አመጣቻቸው።

«ይህን እየው» አለች።

አየሁት።

«አሁን ደብዳቤህን አሳየኝ።»

ለተብርሃን ይህች ናት። ደብዳቤውን አወረድኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦይለሩ ጋ በማልሠራበት ሰዓት ሁሉ ለሴቶቹ የበርሜል ውሃ ተሸካሚ ሆንኩ። አመሰግንሃለሁ ብላኝ አታውቅም። «ጎንበስ በል፣ ይፈስሳል» ትለኛለች ብቻ። በዓመቱ ተጋባን። ሰው ስንት ወግ ያለው አተጫጨት አለው፤ የእኔ ሽማግሌ የተበሳ ቧንቧ ነበር።

አያ ተስፋይ ሰምተው መጡ። ሳያናግሩኝ ጎንበስ ብለው ጥቁሩን ጭቃ በጣታቸው ነኩ፣ ቀመሱ፣ ተፉት።

«ጭሱ አልቦታል» አሉ። «ነግሬህ ነበር ወይስ አልነገርኩህም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«ልቆጥብ ብዬ፣ አያ።»

«ቆጠብክ?»

ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ፤ ግድግዳውን እስክናቆምና እንፋሎት እስኪመለስ ድረስ ወደ ቤታቸው ለመተኛት ብቻ ነበር የሚሄዱት። ሽማግሌውም ተራቸው ደርሶ ታከሙ። ከደሞዜ የተቆረጠው ተቆረጠ፣ አልበዛብኝም። የመጨረሻውን ቀን አያ ጠመኔያቸውን አውጥተው እነዚያኑ ሁለት መስመሮች በእኔ ቦይለር በር ላይ ጻፏቸው። የላዩን መስመር ከዚያ ወዲያ እንደ ጸሎት ደገምኩት። የሥሩ ግን ቀስ በቀስ ተደመሰሰ፤ ከበሩም፣ ከእኔም።

እንዲህ ሆኜ አረጀሁ። አያ ተስፋይ ዐረፉ። ነዳጅም መብራትም የጠፋባቸው ዓመታት መጥተው ሄዱ። ስለ እነሱ የሚጽፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ስለ ሙቅ ውሃ ልቀጥል።

የለተ ሻወር ቤት ስድስት ክፍል አለው። የገበያ ተሸካሚ፣ ነጋዴ፣ ቧንቧው የደረቀበት ተማሪ፣ ሁሉም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል። ቦይለሩን ከተዘጋ እንግዳ ማረፊያ ነው የገዛችው። ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ነጭ ሳጥን ነው፤ ከሲሊንደር ጋዝ ይጠጣል። የጭስ ማውጫው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ። ጎንበስ ብዬ ሥሩን ሳየው ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ነገር በቀጭን ጎማ ይወርዳል። ደሜ ፈላ። «ለተ፣ ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ጭሱም እያላበው ነው፤ ልፍታው» አልኳት። ማስታወቂያው የተለጠፈው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ቦይለሩን የገደለው ግን እኔ የፈራሁት ላብ አልነበረም፤ ውሃችን ነው። የመቐለ ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነገር ይጋግራል። ቦይለሩን የገጠመው ሰውዬ የቧንቧውን ውሃ በቀጥታ በዚያ ቀጭን የሙቀት መለዋወጫ ውስጥ አሳለፈው። ሆዱ ያልኳችሁ እሱ ነው፤ ባንድ በኩል እሳትና ጭስ፣ ባንድ በኩል ውሃ የሚሄድበት ጥቅልል ቧንቧ። ኖራው ጋገረበት፣ ውሃው አላልፍ አለ፣ እሳቱ ብረቱን ብቻውን አገኘውና ሰነጠቀው። መለዋወጫው ከውጭ አገር ይምጣ ቢባል መቼ እንደሚደርስ የሚነግረን ጠፋ።

ለተ ግን በየጠዋቱ ሄዳ በሩን ትከፍታለች፣ ደረቁን ወለል ትወለውላለች፣ መልሳ ትዘጋለች። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ሴቶች እየመጡ «እስከ መቼ እንጠብቅ፣ አደይ?» ይሏታል፤ እናቴ ማለታቸው ነው። ሳምንት፣ ትላለች። ሳምንቱ ያልቃል። ከእኔ ጋር እንደ ድሮው አትጣላም ነበር፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

ሰብለ አንድ ቅዳሜ ፎጣዋን ይዛ መጥታ ተዘግቶ ያገኘችው እንዲህ እያለን ነው። ደንበኛ ነች። ሳጥኑን ከፍታ በስልኳ ብርሃን አየችውና «ዝገት ከማይነካው ከስቴንለስ ቧንቧ አዲስ ሆድ ልንሠራለት እንችላለን» አለች። «ሥዕሉን እኔ አወጣዋለሁ። ግን ቀጭን ቧንቧ ሳይጨፈለቅ የሚጠቀልል ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ያውቃሉ፣ አደይ ለተ?»

ለተ ወደ ወንበሬ እያየች፦ «እጁን ተጠቀሚበት» አለቻት። «ሐሳቡን ተይው።»

ቧንቧውን ከሰይድ ገዛን፤ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ገበያው ውስጥ ብረታ ብረት የሚሸጥ ነው። አሸዋ ነፍቼ፣ በምጣድ ቆልቼ አደረቅሁ። ቧንቧው በደረቅ አሸዋ ካልተሞላና በእንጨት ካልተወተፈ ሲታጠፍ ይጨፈለቃል። ከዚያ በወፍራም ግንድ ላይ በዝግታ፣ ሳይቸኩሉ መጠቅለል ነው። የመጀመሪያውን ለሰብለ ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ስቸኩል አጣጠፍኩት። ሌላ ልገዛ ስሄድ ሰይድ የተበላሸውን አገላብጦ አየው።

«አባባ ሐጎስ፣ እኔ የሸጥኩልዎ ቧንቧ ነው፤ ማካሮኒ አልሸጥኩም።»

«አንተ ዝም ብለህ ለካ።»

ሁለተኛው አማረ። ጥቅልሎቹ መሀል የሳንቲም ውፍረት ብቻ ክፍተት ተውን፤ ጭሱ በዚያ ተጣቦ ሲያልፍ ነው ሙቀቱን የሚለቀው። ጭሱ ከላይ ወደ ታች፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ፤ የቀዘቀዘው ጭስ የመጨረሻ ስንብቱን ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ያደርጋል። ኖራውን ለማምለጥ ደግሞ ሰብለ በቦይለሩ ውስጥ ያው አንዱ ውሃ ብቻ እየዞረ እንዲመላለስ አደረገች። የሻወሩ ውሃ ረጅም ጋን ውስጥ ሆኖ፣ የቦይለሩ ውሃ በሚያልፍበት ሌላ ጥቅልል ይሞቃል። ያ ጥቅልል በብሎን ተፈትቶ ወጥቶ በሎሚ አሲድ የሚታጠብ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰብለ «ይህን አላሰብኩትም» አለች። ለተ አጠገባችን አለመኖሯ ቆጨኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሰብለ በሌለችበት ከጋኑ ጀርባ አንዲት አጭር ቧንቧ ጨመርኩ። ሥራዋ ትኩሱን ውሃ ወደ ቦይለሩ ከሚመለሰው ውሃ ጋር መቀላቀል ነው፤ የሚመለሰው ከሞቀ ጭሱ አይቀዘቅዝም፣ ጭሱ ካልቀዘቀዘ አያልበውም። በሆስፒታሉ ከዚያ አደጋ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ነው የጠበቅሁት። እንደ ሆስፒታሉ የለተ ቤትም በእኔ እጅ ሲበሳ ከማይ ብሞት ይሻለኛል። ቧንቧዋን በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለልኳት።

የሙከራው ቀን ጠዋት እሳቱ ገና በመጀመሪያው ተነሣ። ውሃው ሞቀ። እኔ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ሰብለ ግን ቴርሞሜትሯን በጭስ ማውጫው ላይ አድርጋ ግንባሯ ተቋጠረ። ጎማው ሥር ያስቀመጠችውን ብርጭቆ አየች፤ ደረቅ ነው። ከዚያ በጣቷ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እየተከተለች ከጋኑ ጀርባ ደረሰች።

«አቦይ ሐጎስ፣ ይህችን ለምን አለበሷት?»

«ብርድ እንዳይመታት።»

አልሳቀችም። «ፕላስቲኩ ይህን ትኩሳት ብዙ አይችልም። ይቻለው ብንል እንኳ በዚህ አያያዝ ጋዙ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ አደይ ለተ ከፍተው ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘጋሉ።»

«ጭሱ ካላበው ሆዱን ይበላዋል፣ ጓለይ፣ ልጄ። አንቺ አንብበሻል፣ እኔ አይቻለሁ።»

«ያዩት ምን ሲነድ ነው?»

«ናፍታ።»

«ናፍታ ምን አለበት?»

«ድኝ…» አልኩና ቆምኩ።

«እዚህ የሚነደውስ?»

«ጋዝ።»

«ቧንቧውስ?»

የጠቀለልኩት እኔው ነኝ፤ ስቴንለስ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሥሩ የጠመኔ መስመር ከስንት ዓመት በኋላ ፊቴ መጥቶ ተደቀነ። አያ ተስፋይ ምክንያቱን ጽፈውልኝ ነበር። እኔ ነኝ ትእዛዙን ይዤ ምክንያቱን የጣልኩት።

«ላቡ አሁንም ትንሽ ኮምጣጣ ነው» አለች ሰብለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስቴንለሱ ግን ይችለዋል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ላብ ሲሆን መልሶ ይሰጠናል። ይህ ቦይለር የተሠራው ለዚያ ነው።»

የዚያችን ቧንቧ መዝጊያ ራሴ ልዝጋው አልኳት። ዘጋሁት። ቆየን። የጭስ ማውጫው እየበረደ መጣ። ከዚያ ጎማው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች። ሌላዋ ተከተለች። በጣቴ ነክቼ ቀመስኳት። ኮምጠጥ ትላለች፣ የተጨመቀ ሎሚ የታጠበበት ውሃ ያህል። ቱፍ ለማለት አፌን አዘጋጅቼ ነበር፤ ዋጥኳት።

ለተ በዚህ መሀል ገባች። መጀመሪያ ያየችው የሚያንጠባጥበውን ነው። ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልጽፍም።

«አፈሰስከው» አለች።

«አላፈሰስኩም። አልቦት ነው።»

«ማንን?»

«ጭሱን።»

ወደ ሰብለ ዞረች። «ሓቁን ነው?»

«እውነታቸውን ነው፣ አደይ። ማላብ አለበት። እንዲያውም እንዳያልበው ብለው አንድ ቧንቧ ደብቀው ጨምረው ነበር፤ አሁን ዘጉት።»

ይህን መጨመር ለምን እንዳስፈለጋት እግዚአብሔር ይወቅ። ለተ ጨርቅ የለበሰችውን ቧንቧ አየች፣ እኔን አየች፣ ብርጭቆውን አየች። ልትናገር ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

«አምስቱን ሁሉ ክፈቷቸው» አለች። «እኔ ስድስተኛው ጋ ሄጄ እጄን ከትቼ አያለሁ።»

ስድስተኛው ከቦይለሩ ሩቁ ነው፤ ድሮም ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲከፈት እሱ ነው የሚቀዘቅዘው። አምስቱን ከፈትን። ሁለቱ ሠራተኞቿም መጥተው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። የስድስተኛው በር ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ተወረወረ፣ ውሃው ሲለቀቅ ተሰማን።

እጅን ከትቶ ለማየት ስንት ጊዜ ይበቃል? አልወጣችም። ሰብለ ቴርሞሜትሯን ጋኑ ላይ እንዳደረገች ታነባለች፤ ቁጥሩ አልወረደም። እኔ ጆሮዬን ወደ በሩ ሰጠሁ። ውሃ ባዶ ወለል ላይ ሲወርድና ሰው ላይ ሲወርድ ድምፁ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ወለሉን ሲመታ ነበር። ከዚያ ድምፁ ለሰለሰ።

«ሐጎስ» አለች ከውስጥ።

«አቤት።»

«ሳሙና።»

ከመደርደሪያው አንዱን አንሥቼ በበሩ ሥር አሾለክሁላት። ሰብለ ቴርሞሜትሯን አጠፋችው።